ቁም ነገር

ቢጫ ጃኬት ለብሼ፣ ጀርባዬን ለሜዳ፣
ሃያ ሁለት ዓመት ለጨዋታው እንግዳ፤
ጎል መግባቱን እንኳ የማውቀው ከሰው ፊት፣
ከሚወረወር ስካርፍ፣ ከሚፈነዳ ጩኸት።
ሥራዬ አንድ ቃል ነው፦ «ተቀመጡ በሉ!»
ይቀመጡና፣ ዞር ስል፣ እንደ ሊጥ ኩፍ ይላሉ።

«ኳስ ማዕዘን ስትደርስ፣ ብራክንሾው ሲያጠቃ፣
ሦስት ሺህ ጉልበት ባንዴ ሲነቃ፣
ማን ይገታዋል? ዝናብን ነው ‹ቁም› ማለት!
ወንበር ለጥርስ ሐኪም፣ ወንበር ለፀጉር ቤት።»
ይህን ያሉኝ ክሌግ ናቸው፣ የፋብሪካው ጡረተኛ፣
በመቆም ሁለት ጊዜ የታገዱ አመፀኛ።
«ሕግ ነው» አልኳቸው፤ ሌላ ምን ልበላቸው፣
ኔቪልን አንስቼ ቀን አላጨልምባቸው።

ኔቪል ታላቄ ነው። ገና በአሥራ ሰባት፣
በግራ እጁ አስሮ አባቴ የገዛለትን ሰዓት፣
በአንዲት የጥር ቅዳሜ፣ በባቡር፣ ማለዳ፣
ከእነ ጓደኞቹ ሄደ ወደ ሰው ሜዳ።
ከፊት የሽቦ አጥር፣ ከኋላ የሰው ጎርፍ፣
በስተጎን አንድ በር፣ በበሩ ላይ ቁልፍ፤
መክፈቻው ሰው ኪስ ውስጥ፣ ሰውየው ሻይ ሊጠጣ፤
እስኪፈለግ ድረስ የስንቱ ነፍስ ወጣ።

«አልወደቀም» አሏት እናቴን፣ «የሞተው ቆሞ ነው፤
መውደቂያም አላገኘ፣ ሰው በሰው ታጥሮ ነው።»
ሰዓቱም ቆሞ ነበር፣ ዘጠኝ ሰዓት ከሩብ፤
ዛሬም መሳቢያዋ ውስጥ ነው፣ ከልደት ካርዱ አጠገብ።
«መቆም» የሚሉት ቃል ባለ ሁለት ስለት፦
እግርም ይቆማል፣ ይቆማልም ሰዓት።

ዘንድሮ ክለቡ ደብዳቤ ላከልን፦
«በየረድፉ ብረት ተክለን
መቆም ልንፈቅድ ነው፤ የሟች ቤተሰቦች ሐሳብ ስጡን።»
እናቴ በማጉያ መነጽር ሁለቴ አነበበች፣
እርሳስ አስመጥታ ከግርጌው ጻፈች፦
«ዓመት ሳይሞላው ነው፣ ወንበር ይዞ ሲቆም
አጨብጭቤለታለሁ፤ መቆም ክፉ አይደለም።
የገደለው ቁልፍ ነው፤ ቁልፉንም የያዘው
እስከ ዛሬ ድረስ ይቅርታ ያላለው።
ብረቱን ሳልነካ ግን ፊርማ ከእኔ የለም።»

በኅዳር ቅዳሜ፣ ካፖርት ደራርባ፣
በክንዴ ወጣችው ደረጃውን፣ ያለ እንባ።
በሁለት እጇ ይዛ ብረቱን ነቀነቀች፣
በትከሻዋ ገፋች፣ በጫማዋ ረገጠች፣
አልጋ እንደሚገዛ ሰው ዘንበል ብላ አየች።
«ጠንካራ ነው» አለች።
ቀጥላ «በሩስ?» አለች።
«ክፍት ነው» አልኳት። «አሳየኝ።» አሳየኋት።
አንድ ልጅ ቺፕስ ይዞ እየሮጠ አለፋት።
እረፍት ሳይደርስ ገና፣ ዜሮ ለዜሮ ሳለን፣
«በቃኝ፣ ውሰደኝ» አለች። መኪና ውስጥ ዝም አልን።
ማታ ፈረመች።

ክሌግ ግን፣ ያን ያህል የታገሉለት፣
ጉልበታቸው ከዳቸው በተፈቀደ ዕለት።
እሳቸው ተቀምጠው ከፊታቸው ሰው ቆሟል፤
የሚያዩት ጀርባ ነው፣ ሜዳው ተሰውሯል።
ጎረቤት አለቻቸው፣ ፕሪያ፣ የአሥር ዓመቷ፤
ብረቱን ተደግፋ፣ ሜዳው ነው አንደበቷ።
«ግራ! ግራ! ሳተው!» «ማነው?» «ዘጠኝ ቁጥሩ!»
ክሌግ ዐይን ጨፍነው ይሰድቡታል ከሥሩ።
ለእሳቸው ስል ያን ሁሉ ሰው ላስቀምጥ? አላውቅም።
ይህን ቁም ነገር ቁጭ ብዬ አልፈታሁትም።

ብቻ፣ ሰው ሳይገባ፣ ሜዳው ጭር እንዳለ፣
ሣሩ ላይ ያደረው ውርጭ ሳይነካ እንዳለ፣
ስድስቱን በሮች በእጄ እከፍታለሁ፣
ገፋ አደርጋለሁ፣ ደግሜ እገፋለሁ።
ልጆቹ ይስቃሉ፦ «ትናንት ዘይት ጠጥቷል!»
ሻይ ያቀርቡልኛል። አልጠጣም። ይበርዳል።